የሮቢን ዓይን ኮምፓስ፦ ክሪፕቶክሮም 4 ላይ በእርግጥ የታየው ምንድን ነው?

ፍላቪን21 (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ስደተኛ ወፎች አቅጣጫ የሚያገኙት ሬቲናቸው ውስጥ ባለ ክሪፕቶክሮም 4 በተባለ ፕሮቲን ነው የሚለው ነገር አሁን አሁን ያለቀለት ጉዳይ ሆኖ ሲጻፍ አያለሁ። ለድኅረ ምረቃ ሴሚናር ስለማቀርበው ወረቀቶቹን በደንብ ያነበባችሁ ወይም ከፕሮቲኑ ጋር የምትሠሩ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

አንደኛ፦ የምድር መግነጢሳዊ መስክ ከ25 እስከ 65 ማይክሮቴስላ ነው። ይህ ለአንድ ሞለኪውል የሚሰጠው ጉልበት ከሙቀት ጉልበት ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ታዲያ በወፍ ሰውነት ሙቀት ውስጥ ያለማቋረጥ ከሚንቀጠቀጥ ፕሮቲን እንዴት የሚታመን ምልክት ይወጣል?

ሁለተኛ፦ በ2021 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው የሮቢን (የአውሮፓ ትንሽ ስደተኛ ዘማሪ ወፍ) ክሪፕቶክሮም ሥራ (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በትክክል ምን አሳየ? ምንስ አላሳየም?

ሦስተኛ፦ ኮምፓሱ የሚያነበው የመስኩን ዘንበልታ (ከአግድም ጋር የሚሠራውን ማዕዘን) ከሆነ፣ መግነጢሳዊው ወገብ፣ ማለትም መስኩ አግድም የሚሆንበት መስመር፣ የሚያልፈው በእኛ አገር በኢትዮጵያ ላይ ነው። እዚህ ሲደርሱ ወፎቹ ምን ያነባሉ?

ኮምፓሱ ምንቃር ውስጥ ያለ ብረት ነው ተብሎ የሚወራውንም የምታውቁ ካላችሁ ጨምሩበት።


የስፒን ነገር

የመጀመሪያውን ልያዘው። በቁጥር እንየው። በ50 ማይክሮቴስላ መስክ ውስጥ የአንድ ኤሌክትሮን ስፒን (ኤሌክትሮኑን እንደ ትንሽ ማግኔት የሚያደርገው ባሕሪ) ከመስኩ ጋር ሲያቀናና ሲቃረን ያለው የጉልበት ልዩነት 9.3 × 10⁻²⁸ ጁል ነው። በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሙቀት ጉልበት ደግሞ 4.3 × 10⁻²¹ ጁል ነው፤ የመጀመሪያውን 4.6 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጠዋል። ስለዚህ መስኩ ሞለኪውሉን ይገፋዋል፣ ያዞረዋል፣ ያጣምመዋል የሚል ማብራሪያ ሁሉ እዚሁ ይወድቃል።

መውጫው መስኩን ጉልበት እንዲያቀርብ አለመጠየቅ ነው። ጉልበቱን የሚያመጣው ብርሃን ነው። የሞገድ ርዝመቱ 450 ናኖሜትር የሆነ አንድ ፎቶን 4.4 × 10⁻¹⁹ ጁል ይይዛል፤ ከሙቀት ጉልበቱ መቶ እጥፍ ማለት ነው። መስኩ የሚነካው ይህ ጉልበት ያስነሳው ኬሚካዊ ለውጥ በየትኛው መንገድ ይቀጥል የሚለውን ብቻ ነው። የመስኖ ቦይ ሁለት ቦታ በሚከፈልበት ላይ አንድ እፍኝ ጭቃ ውሃው ወደ የትኛው እርሻ እንደሚገባ ይወስናል፤ ውሃውን ከምንጩ ያመጣው ግን ጭቃው አይደለም።

ሐሳቡን ለወፍ ኮምፓስ ያቀረበው ክላውስ ሹልተን ከባልደረቦቹ ጋር በ1978 ነው። ያኔ ይህን የሚሸከም ሞለኪውል በእጅ አልነበረም። በ2000 ቶርስተን ሪትዝ፣ ሳሊህ አደምና ራሱ ሹልተን ወደ ክሪፕቶክሮም ጠቆሙ፤ ያን ጊዜ በእንስሳት ዘንድ በሰዓት ተቆጣጣሪነቱ ብቻ ይታወቅ የነበረ ፕሮቲን ነው።

በሮቢን ክሪፕቶክሮም 4 ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ፕሮቲኑ መሃል ኤፍኤዲ የተባለ የፍላቪን ሞለኪውል ተሸጉጧል። ሰማያዊ ብርሃን ሲመታው ከጎኑ ካለው፣ በፕሮቲኑ ሰንሰለት 395ኛ ከሆነው ትሪፕቶፋን (አሚኖ አሲድ ነው) ኤሌክትሮን ይነጥቃል። 395 የጎደለውን ከ372 ይወስዳል፣ 372 ከ318፣ 318 ከ369። ይህ ሁሉ ከአንድ ናኖሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። በመጨረሻ ሁለት ሚሊዮንኛ ሚሊሜትር ያህል (2 ናኖሜትር) ተራርቀው፣ እያንዳንዳቸው ተጣማሪ ያጣ አንድ ኤሌክትሮን የያዙ ሁለት ራዲካሎች ይቀራሉ፤ ኤፍኤዲ በኩል አሉታዊ፣ ትሪፕቶፋን በኩል አዎንታዊ። ራዲካል ጥንድ የሚባለው ይህ ነው።

ሁለቱ ኤሌክትሮኖች ሲለያዩ ስፒናቸው ተቃራኒ ነበር፤ ይህ የሲንግሌት ሁኔታ ነው። እንደዚያው ግን አይቆዩም። እያንዳንዱ በዙሪያው ካሉት የናይትሮጅንና የሃይድሮጅን አስኳሎች የተለያየ ትንንሽ መስክ ስለሚያገኘው ጥንዱ በሲንግሌትና ስፒኖቹ በተባበሩበት በትሪፕሌት መካከል በሴኮንድ በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ይመላለሳል። የምድር መስክ የሚገባው እዚህ መመላለስ ላይ ነው። ሲንግሌት ላይ የተገኘ ጥንድ ኤሌክትሮኑን መልሶ ወደ መነሻው መግባት ይችላል። ትሪፕሌት ላይ የተገኘው ያ መንገድ ስለተዘጋበት ወደፊት ይሄዳል፦ ፕሮቶን ይሰጣል፣ ይቀበላል፣ ረጅም ዕድሜ ወዳለው የፕሮቲኑ ንቁ ቅርጽ ያመራል። መስኩ የሁለቱን ድርሻ በጥቂቱ ያዛንፋል። በሙቀት ሚዛን ላይ ያለ ሥርዓት ስላልሆነ ያ 4.6 ሚሊዮን የሚለው ቁጥር እንቅፋትነቱ እዚህ ላይ ያበቃል።

በምትኩ እንቅፋት የሚሆነው ጊዜ ነው። በ50 ማይክሮቴስላ የኤሌክትሮን ስፒን በሴኮንድ 1.4 ሚሊዮን ጊዜ ይዞራል፤ አንድ ዙር 0.7 ማይክሮሴኮንድ ይወስዳል። ጥንዱ ከዚህ በጣም አጥሮ ከጠፋ መስኩን የሚቀምስበት ጊዜ አላገኘም። በጣም ከቆየ ደግሞ የፕሮቲኑ እንቅስቃሴ የስፒኖቹን ዝምድና ያደበዝዘዋል። አንድ ማይክሮሴኮንድና ከዚያ ጥቂት የሚያልፍ ዕድሜ ነው የሚፈለገው።

አቅጣጫ ከየት ይመጣል? ከፍላቪኑ ናይትሮጅን። በቀለበቱ ላይ 5 ቁጥር የተሰጠው ናይትሮጅን ከኤሌክትሮኑ ጋር ያለው መግነጢሳዊ ትስስር ለቀለበቱ ቀጥ ባለው አቅጣጫ 1.8 ሚሊቴስላ ያህል ሲሆን በሌሎቹ ሁለት አቅጣጫዎች ከዜሮ እምብዛም አይርቅም። ስለዚህ ሞለኪውሉ ከምድር መስክ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ሲለወጥ የምርቱ ድርሻም ይለወጣል። ልብ በል፦ መስኩን 180 ዲግሪ ብታዞረው ድርሻው ያው ነው። ሰሜንና ደቡብን አይለይም ማለት ነው። ቮልፍጋንግና ሮስቪታ ቪልችኮ በ1972 ሮቢኖች የመስኩን ዋልታ ሳይሆን ዘንበልታውን እንደሚያነቡ ማሳየታቸው ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ ይህ ደግሞ ሞለኪውሉ ከመጠርጠሩ ከብዙ ዓመታት በፊት የተገኘ ውጤት ነው። ለእኔ ከሁሉም ማስረጃ የሚያምረኝ ይህ ነው።

አንድ ያልተፈታ ራስ ምታት ልጨምር፣ ሴሚናር ላይ አንድ ሰው ማንሳቱ ስለማይቀር። ሁለቱ ኤሌክትሮኖች ራሳቸው ትንንሽ ማግኔቶች ስለሆኑ እርስ በርሳቸው ይነካካሉ። ጥንካሬው በርቀቱ ኩብ ይቀንሳል፦ በ1.8 ናኖሜትር 0.48 ሚሊቴስላ፣ በ2.1 ናኖሜትር 0.30 ሚሊቴስላ ይወጣል። የምድርን መስክ ስድስት እጥፍና ከዚያ በላይ ማለት ነው፤ የመስኩን ተጽዕኖ ሊሸፍነው ይችላል። ከ318 ጋር ያለው ጥንድ ቅርብ ስለሆነ መግነጢሱን ይቀምሳል፣ ከ369 ጋር ያለው ደግሞ ምልክቱን ያስቀጥላል፣ ሁለቱም በፍጥነት ይለዋወጣሉ የሚል የሐሳብ ሥራ በ2021 ቀርቧል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ የ0.48ን ችግር ግን ብቻውን አያጠፋውም። ሌሎች ትሪፕቶፋኑን ትተው የፍላቪንና የሱፐርኦክሳይድ (አንድ ኤሌክትሮን የጨመረ ኦክሲጅን) ጥንድ ይሻላል ይላሉ። ሱፐርኦክሳይድ በመፍትሔ ውስጥ ስፒኑን በናኖሴኮንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ስለሚያጣ ፕሮቲኑ ውስጥ ጠበቅ አድርጎ የሚይዘው ቦታ ሊኖር ግድ ነው፤ ያ ቦታ የታለ ሲባል ዝም ይባላል።


ቢጫ መፍትሔ

ሁለተኛው ጥያቄ የእኔ ነው። ሥራው የኦልደንበርግና የኦክስፎርድ ቡድኖች የጋራ ሥራ ነው፤ ሄንሪክ ሞሪትሰንና ፒተር ሆር የሚመሯቸው። ፕሮቲኑ የተመረተው በባክቴሪያ ውስጥ እንጂ ከወፍ ዓይን የወጣ አይደለም። ያሳዩትን ሳነጥረው፦ የሮቢን ክሪፕቶክሮም 4 ኤፍኤዲን አጥብቆ ይይዛል፣ በሰማያዊ ብርሃን ራዲካል ጥንድ ይሠራል፣ የጥንዱ መጠንም በመግነጢሳዊ መስክ ይለወጣል። አራቱን ትሪፕቶፋኖች አንድ በአንድ በፌኒልአላኒን ሲተኩ የኤሌክትሮኑ ሰንሰለት በተቆረጠበት ቦታ ይቆማል፤ 369 ሲተካ ግን ሰንሰለቱ 318 ላይ ያበቃል፣ የመስኩ ተጽዕኖም አልጠፋም። ከዶሮና ከርግብ ክሪፕቶክሮም 4 ጋር ሲወዳደርም የሮቢኑ ለመስክ ይበልጥ ይነካል። ዶሮ አይሰደድም፤ ርግብም ቤቷን ታገኛለች እንጂ አትሰደድም።

ያላሳዩት፦ መስኩ እስከ 30 ሚሊቴስላ ነበር፤ ይህ ከ50 ማይክሮቴስላ 600 እጥፍ ነው። በመፍትሔ ውስጥ ያሉ ሞለኪውሎች በየአቅጣጫው የተበተኑ ስለሆኑ ስለ አቅጣጫ የሚለካ ነገር የለም፤ የሚለካው ስለ ጥንካሬ ነው። ወፏም ይህን ፕሮቲን ለዚህ ሥራ እንደምትጠቀምበት ከቱቦ ውስጥ ማወቅ አይቻልም። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ይህን አልደበቁም፤ ያጋነነው ዜናው ነው።

ሴሚናር ላይ ዘዴውን ከጠየቁህ የሚበላሹት ቦታዎች እነዚህ ናቸው። ፕሮቲኑ በ37 ዲግሪ ሲመረት ተጨማድዶ ይወርዳል፣ ወይም ኤፍኤዲ ሳይዝ ይወጣል። ስለዚህ ባክቴሪያው ካደገ በኋላ ወደ 15 ዲግሪ ይወርድና ማምረቱ ከአንድ ቀን በላይ በዝግታ ይካሄዳል፤ ጨለማ ውስጥ። ከዚያ በኋላ ያለው የማጥራት ሥራ ሁሉ በደብዛዛ ቀይ መብራት ነው። ነጭ መብራት ስር ከሠራህ ናሙናው ገና ሳይለካ በከፊል ሬድዩስ ይሆናል፣ ማለትም ኤሌክትሮን ይቀበላል።

ሂስቲዲን ጅራት አስረህ በኒኬል አምድ የምታጠራ ከሆነ ዲቲቲ የተባለውን ሬድዩሰር (ኤሌክትሮን ሰጪ) አትጨምር፤ ኒኬሉን ያጠቁረዋል። መርካፕቶኤታኖል በ10 ሚሊሞላር ይሻላል። ሲስቴይኖቹን ለመጠበቅ አንድ ሬድዩሰር ግን ያስፈልጋል። ቀጥሎ የሚመጣው ወጥመድ እዚህ አለ፦ በመለኪያው ጊዜ ፍላቪኑን ወደ ኦክሲዳይዝድ (ኤሌክትሮን ወዳልተቀበለበት) ሁኔታ ለመመለስ ፌሪሳያናይድ ይጨመራል። መርካፕቶኤታኖሉን በአምድ ወይም በዲያሊሲስ ሳታስወግድ ፌሪሳያናይድ ብትጨምር ሁለቱ እርስ በርስ ይበላላሉ፣ አንተም ፕሮቲኑ አልሠራም ትላለህ።

ኤፍኤዲ ስንት እንደያዘ በ450 ናኖሜትር ይለካል። የሞላር መምጠጫ ቁጥሩ 11,300 ነው፤ በአንድ ሴንቲሜትር ኩቬት 0.226 ካነበብክ 20 ማይክሮሞላር ፍላቪን አለህ። ፕሮቲኑን በ280 ስትለካ ኤፍኤዲ ራሱ እዚያ እንደሚመጥ አትርሳ፣ የእሱን ድርሻ ቀንስ። ነፃ ኤፍኤዲ መኖሩን ለማወቅ በ450 አነሳስተህ 525 አካባቢ ፍሎረሰንሱን እይ፤ ፕሮቲኑ ውስጥ ያለው በትሪፕቶፋኖቹ ምክንያት እምብዛም አያበራም፣ ነፃው ያበራል። ይህን የምለው ለንጽሕና ብቻ አይደለም። ነፃ ኤፍኤዲ በአሲዳማ መፍትሔ ውስጥ ብቻውን የመግነጢስ ተጽዕኖ ያሳያል። ስለዚህ ተጽዕኖ አየሁ ከማለትህ በፊት ከፕሮቲኑ እንጂ ከቆሻሻው አለመምጣቱን አሳይ።

ሌላው መስኩን የሚፈጥረው የሽቦ ጥቅል፣ ኮይሉ ነው። ጅረት ሲያልፍበት ይሞቃል፣ ናሙናውም አብሮ ይሞቃል፣ የጥንዱ ዕድሜም ከሙቀት ጋር ይለወጣል። ውጤቱ የመግነጢስ ይመስላል። መፍትሔው እያንዳንዱን ኮይል በሁለት ትይዩ ሽቦ መጠቅለል ነው። ጅረቱ በሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ሲያልፍ መስክ አለ፤ በተቃራኒ ሲያልፍ መስኩ ይጠፋል፣ ሙቀቱ ግን ያው ነው። መስክ ያለባቸውንና የሌለባቸውን መለኪያዎች በዕጣ ቅደም ተከተል አፈራርቃቸው። መጀመሪያ ሁሉንም ያለ መስክ፣ ቀጥሎ ሁሉንም በመስክ ከለካህ ፍላቪኑ በሌዘሩ እየተቃጠለ የሚሄድበትን ለውጥ የመስክ ተጽዕኖ ብለህ ትጽፋለህ።


ፍላቪን21

የስፒን ነገርና ቢጫ መፍትሔ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ነገር ግን እስካሁን ያለው ሁሉ ወይ ሐሳብ ነው ወይ ቱቦ ነው። በራሷ በወፏ ላይ ነገሩ ማግኔት ሳይሆን ራዲካል ጥንድ መሆኑን የሚያሳይ ነገር አለ?


አንቴና

አለ፤ ሬዲዮ ሞገድ ነው። በ47 ማይክሮቴስላ መስክ የኤሌክትሮን ስፒን በ1.315 ሜጋኸርዝ ይዞራል። በዚያው ድግግሞሽ የሚወዛወዝ ደካማ መስክ ብትጨምር የጥንዱን መመላለስ ትረብሻለህ። የብረት ማዕድን ቅንጣት ግን ለእንዲህ ያለ ፈጣንና ደካማ ውዝዋዜ የሚነቃነቅበት ምክንያት የለውም። ሪትዝና ባልደረቦቹ በ2004 ይህን በሮቢኖች ላይ ሞከሩ፤ ከ0.1 እስከ 10 ሜጋኸርዝ በተዘረጋ ጫጫታና በ7 ሜጋኸርዝ ወፎቹ አቅጣጫ አጡ። በ1.315 ሜጋኸርዝ የተሠራው ሙከራ በ2005 ተከተለ፤ ውጤቱም ያው ነበር።

ከዚያ የኦልደንበርጉ ነገር መጣ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ባሉ የእንጨት ጎጆዎች ሮቢኖቹ አቅጣጫ መያዝ አልቻሉም። ጎጆዎቹ በአሉሚኒየም ተሸፍነው ከመሬት ጋር በሽቦ ሲያያዙ ወፎቹ አቅጣጫቸውን ያዙ፤ ሽቦው ሲነሳ እንደገና ጠፋባቸው። ረባሹ ከ50 ኪሎኸርዝ እስከ 5 ሜጋኸርዝ ያለው የከተማ ኤሌክትሪክ ጫጫታ ነበር። በ2014 ኔቸር ላይ ወጥቷል፣ በተደጋጋሚና ሞካሪው ሁኔታውን ሳያውቅ የተሠራ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ይበልጥ የተሳለ ነው። ብላክካፕ የተባለችውን ጥቁር ቆብ ያላትን ዘማሪ ወፍ ከ75 እስከ 85 ሜጋኸርዝ ሲያሳዩአት አቅጣጫዋ ጠፋ። ከ140 እስከ 150 እና ከ235 እስከ 245 ሲያሳዩአት ግን ምንም አልሆነችም። ይህ ጣሪያ ትርጉም አለው፦ ጥንዱ ሊረበሽ የሚችልበት ከፍተኛው ድግግሞሽ የሚወሰነው ራዲካሎቹ ከአስኳሎቻቸው ጋር ባላቸው ትስስር ነው፣ ጣሪያው ያረፈበትም ቦታ ፍላቪን ካለበት ጥንድ ከሚጠበቀው ጋር ይስማማል። ሞባይል ስልክ የሚሠራበት ድግግሞሽ ከዚህ ጣሪያ በብዙ ይርቃል። ስለዚህ ስልክ ወፍ አሳተ የሚለውን ወሬ ተዉት። ይልቅ ርካሽ ቻርጀርና የኤልኢዲ መብራት ማቀጣጠያ ጫጫታቸው በቀጥታ 50 ኪሎኸርዝና 5 ሜጋኸርዝ መካከል ይወድቃል።

ግን ይህም የራሱ ቁስል አለው። የሚረብሹት መስኮች የናኖቴስላ ደረጃ ናቸው። 10 ናኖቴስላ አንድን ስፒን በሴኮንድ 280 ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚያዞረው፤ አንድ ዙር ከ3 ሚሊሴኮንድ በላይ ይፈጃል። ጥንዱ የሚኖረው ማይክሮሴኮንድ ከሆነ ይህ መስክ ምንም ማድረግ አልነበረበትም። ወፎቹ ግን ይረበሻሉ። ሐሳቡና ባሕሪው በሺህ እጥፍ የማይገናኙበት ቦታ ይህ ነው፣ እስካሁን ሁሉንም ያሳመነ መልስ የለውም። ሴሚናርህ ላይ አትዝለለው።

ለመከለል ለሚያስብ፦ በአሉሚኒየም ውስጥ የሞገዱ ዘልቆ መግባት በ50 ኪሎኸርዝ 0.37 ሚሊሜትር፣ በ5 ሜጋኸርዝ 0.037 ሚሊሜትር ነው። አንድ ሚሊሜትር ሉህ በቂ ነው። የሚያፈሰው ሉሁ ሳይሆን መገጣጠሚያው፣ በሩና የኬብሉ ቀዳዳ ነው። የምድር ቋሚ መስክ አሉሚኒየሙን እንዳለ ያልፈዋል፣ የሚፈለገውም ይኸው ነው። የብረት ቆርቆሮ ከተጠቀምክ ግን ቋሚውን መስክ ራሱን ታጣምመዋለህ፤ ያኔ ወፏ ብትስት ምን እንዳሳታት አታውቅም።


ጥቁር ቆብ

ከላይ ያሉት ሁሉ ጥሩ ብለዋል፤ እኔ ትንሽ ውሃ ላፍስስበት።

ምንቃሩን በአጭሩ እንዝጋው። የርግብ ምንቃር ውስጥ ያሉት ብረት የሞላባቸው ሴሎች የነርቭ ሳይሆኑ ማክሮፋጅ፣ ማለትም የመከላከያ ሴሎች መሆናቸውን የዴቪድ ኪስ ቡድን በ2012 አሳይቷል። በሮቢኖች ላይም የአንጎል ክላስተር ኤን ሲጎዳ መግነጢሳዊ ኮምፓሱ ይጠፋል፤ ከምንቃር የሚመጣው ትራይጀሚናል ነርቭ ሲቆረጥ ግን ይሠራል (2009)። ክላስተር ኤን የእይታ ክፍል ነው፤ ኮምፓሱ ከዓይን ጋር የተያያዘ መሆኑ ከሞለኪውሉ ይልቅ በጠነከረ መሬት ላይ ነው የቆመው። ማግአር የተባለው ብረት አዘል ፕሮቲንም ብዙ ወሬ አስነስቶ ነበር፤ ማርከስ ማይስተር በ2016 የያዘው ጥቂት ብረት ለሥራው ከሚያስፈልገው ቢያንስ በመቶ ሺህ እጥፍ እንደሚያንስ በስሌት አሳየ። የስፒን ነገር ከላይ ያደረገው ዓይነት ስሌት ነው።

አሁን ክሪፕቶክሮም 4። የሚደግፈው ነገር አለ፦ በሮቢን ሬቲና ውስጥ በጥንድ ኮን ሴሎች (ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ናቸው) ይገኛል፣ በስደት ወቅት መጠኑ ይጨምራል፣ ከኮን ሴል ጂ ፕሮቲን (ምልክት አስተላላፊ) ጋርም ይጣበቃል፤ ስለዚህ ወደ ነርቭ የሚያደርስ መንገድ ይኖረዋል ማለት ነው። የሚቃረነው ደግሞ፦ በቀቀኖች፣ ሀሚንግበርዶችና ከዘማሪ ወፎች ጎን ያለው ታይራኒ የተባለው ወገን ይህን ጂን ጨርሰው አጥተዋል። ታይራኒ ውስጥ ረጅም መንገድ የሚሰደዱ አሉ። ወይ እነሱ በሌላ መንገድ ያገኙታል፣ ወይ ሁላችንም የተሳሳተ ፕሮቲን ይዘናል። ጂኑን ከስደተኛ ዘማሪ ወፍ አውጥቶ አቅጣጫ መጥፋቱን ያሳየ ሙከራ እስካልመጣ ድረስ ክሪፕቶክሮም 4 እጩ ነው፤ ተሾመ አትበሉ።

ከብርሃኑም ጋር ያልታረቀ ነገር አለ። ሮቢኖች በሰማያዊና በ565 ናኖሜትር አረንጓዴ ብርሃን አቅጣጫ ይይዛሉ፤ በቀይ አይዙም። ቀይ አለመሥራቱ ለፍላቪን ጥሩ ነው። አረንጓዴው ግን ችግር ነው፤ ኦክሲዳይዝድ ፍላቪን ከ500 ናኖሜትር ወዲያ ብዙም አይመጥም። በከፊል ሬድዩስ የሆነው ቅርጽ ይመጥ ይሆናል ይባላል፤ ያ ከሆነ ግን ጥንዱ ራሱ ሌላ ነው።

ስለ ዝንብም ተጠንቀቁ። የክሪፕቶክሮም የመግነጢስ ውጤቶች ብዙዎቹ የመጡት ከፍራፍሬ ዝንብ ነው። በ2023 አንድ ቡድን 97,658 ዝንቦችን በቲ ቅርጽ መንገድ አሳልፎ ምንም ተጽዕኖ አላገኘም። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ደግሞ የፕሮቲኑ የመጨረሻ 52 አሚኖ አሲዶች ብቻቸውን ይበቃሉ ብሎ ጻፈ። ሁለቱም ኔቸር ላይ ናቸው።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ። መግነጢሳዊው ወገብ በእርግጥ ኢትዮጵያን ያቋርጣል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም ቦታውን ተፈላጊ ያደረገው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ፍራንክፈርት ላይ መስኩ 66 ዲግሪ ዘንብሎ መሬት ይገባል፤ አዲስ አበባ ላይ ከአግድም የሚርቀው በጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ወፏ የምታነበው «ወደ ዋልታ» እና «ወደ ወገብ» ብቻ ከሆነ እዚህ ሁለቱ ጎን እኩል ይሆናሉ። ሞለኪውሉ አልታወረም፣ የመስኩን መስመር እንደ ወትሮው ያነባል፤ የጠፋው ከመስመሩ ሁለት ጫፎች የትኛው የየት መሆኑ ነው። ወገቡን ስታልፍ ደግሞ ትርጉሙ ይገለበጣል፤ እስካሁን ወደ ወገብ ስትሄድ የነበረች ወፍ ጉዞዋን ለመቀጠል አሁን ወደ ዋልታ መሄድ አለባት። ቪልችኮዎች በ1992 ጋርደን ዋርብለር የተባሉትን ወፎች አግድም መስክ ውስጥ አቆይተው ሲፈትኗቸው ወፎቹ በእርግጥ ምርጫቸውን ገለበጡ። ይህ ወፍ በስደት ጊዜ በኢትዮጵያ ያልፋል። እዚያው ወገቡ ላይ ሳሉ ከዋክብትና የፀሐይ መግቢያም አሏቸው።

ሁለተኛው ለውጥ ብዙ ሰው አያነሳውም፤ ጥንካሬው። ፍራንክፈርት 47 ማይክሮቴስላ፣ አዲስ አበባ ደግሞ 36 አካባቢ ነው፤ ከሩብ ትንሽ ያነሰ ቅናሽ። ሮቢኖች የለመዱት መስክ ከሩብ በላይ በድንገት ሲለወጥ አቅጣጫ ያጣሉ፤ በአዲሱ መስክ ውስጥ ሲቆዩ ግን ይለምዱታል። በተፈጥሮ ጉዞ ለውጡ በሳምንታት ስለሚመጣ ችግር አይሆንም። ለአንቴና ግን የሚሆን ነገር አለ፦ በ36 ማይክሮቴስላ የስፒኑ ድግግሞሽ ወደ 1.0 ሜጋኸርዝ ይወርዳል፣ መካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ መሃል።


አንቴና

ልክ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚሠራ ሰው 1.315ን ከወረቀቱ ገልብጦ መጠቀም የለበትም፤ በአካባቢው የለካውን መስክ በማይክሮቴስላ በ28 ያባዛና በኪሎኸርዝ ያገኘዋል።


ፍላቪን21

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ የመጨረሻ። ሙከራው ሲገለጽ «መስኩ ዞረ» ይባላል። በአዲስ አበባ መስክ መጠን ቢሠራ ኮይሉ ምን ያህል መሆን አለበት? ወፏስ አቅጣጫ መምረጧ እንዴት ይመዘገባል?


ጥቁር ቆብ

የኤምለን ቀፎ ይባላል፤ ከ1966 ጀምሮ የሚሠራበት፣ የላይ አፉ 35 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 15 ሴንቲሜትር፣ ግድግዳው 45 ዲግሪ የተንጋለለ። ግድግዳው ላይ ሲነካ ምልክት የሚይዝ ወረቀት ይለጠፋል፤ የደረሰኝ ማተሚያ ወረቀት ዓይነት። ወፏ ወደምትፈልገው አቅጣጫ ስትዘል ጥፍሯ ይጭረዋል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጭረቶቹ ይቆጠራሉ። የሚቆጥሩት ሁለት ሰዎች ይሁኑ፣ የመስኩንም አቅጣጫ አይወቁ። ክዳኑ ብርሃን የሚያደበዝዝ ይሁን፣ ወፏ ኮከብ እንዳታይ።

ኮይሉ ሄልምሆልትዝ ነው፤ ሁለት ክቦች፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከግማሽ ዲያሜትራቸው ጋር እኩል። ግማሽ ዲያሜትሩ 1 ሜትር ቢሆንና እያንዳንዱ ክብ 20 ዙር ቢኖረው 2 አምፔር 36 ማይክሮቴስላ ይሰጥሃል። አግድሙን መስክ በ120 ዲግሪ ለማዞር መጨመር ያለብህ 62 ማይክሮቴስላ ነው፤ 3.5 አምፔር ገደማ። ሙሉ ለሙሉ ለመገልበጥ 72 ስለሆነ 4 አምፔር። ከመሃል 30 ሴንቲሜትር ድረስ በዘንጉ ላይ ልዩነቱ 1 በመቶ አይሞላም። ስለዚህ አንድ ቀፎ መሃል ላይ በምቾት ይቀመጣል፤ ብዙ ወፍ በአንድ ጊዜ ለመፈተን ግን ትልቅ ኮይል ይፈልጋል። ሽቦው ቢጫ መፍትሔ እንዳለው ሁለት ትይዩ ይሁን። የኃይል አቅራቢው ከጎጆው ውጭ ይቀመጥ፣ የስዊች ዓይነትም አይሁን፤ የሚገባው ኬብልም በማጣሪያ በኩል ይለፍ፣ አለዚያ የአንቴናን ጫጫታ በራስህ ሽቦ ወፏ ዘንድ ታደርሰዋለህ።